ጭርት፣ ቋቁቻ እና ያቺ «ፍቱን» ክሬም

ፋርማሲ ውስጥ ስትሠሩ ሰው የቱ ጋ እንደሚያሳክከው በድምፁ መለየት ትጀምራላችሁ። ክንዱ ላይ ጭርት የወጣበት ገና በሩ ላይ ሆኖ «ጭርት ወጣብኝ፣ ምን አለሽ?» ይላል። እግሩን የሚያሳክከው ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ብሽሽቱን የሚያሳክከው ግን ሌላው ሰው እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና ካርቶን እያገላበጠ ያነባል። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ክሬም ነበር የፈለግኩት... ለጓደኛዬ ነው» ይላል። ለጓደኛው ይሁን። እኔም ስለ ጓደኛው ደህና አድርጌ እጠይቃለሁ። ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው? ዳር ዳሩ ነው የሚብሰው ወይስ መሀሉ? እግሩንስ ያሳክከዋል? እስካሁን ምን ምን ቀባ?

ነገር የሚበላሸው የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «ያቺን ፍቱኗን ክሬም» ነው።

የቆዳ ፈንገስ ሼም የሚያሲዝ ነገር አይደለም። የቆሻሻ ሰው በሽታም አይደለም። በቀን ሁለቴ ሻወር የሚወስድ ስፖርተኛ ይይዘዋል፤ ላብ አለ፣ ጠባብ ልብስ አለ፣ የጋራ መታጠቢያ ቤት አለ። ሙቀት፣ እርጥበትና የቆዳ መተሻሸት ካገኘ ማንም ላይ ይወጣል። አብዛኛው ደግሞ በአግባቡ ከታከመ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ታዲያ ሰው ለምን ወራት፣ አንዳንዱም ዓመት ተሸክሞት ይዞራል? ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ከማየው ተነስቼ ልናገር ካላችሁኝ፣ ዋናው ጥፋተኛ ማሳከክን በሁለት ቀን ጸጥ የሚያደርገው ቅባት ነው። ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ጭርትን በደንብ እንየው።

ጭርት ክብ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈንገሱ የሚኖረው ኬራቲን እየበላ ነው። ኬራቲን የላይኛው የሞተ የቆዳ ሽፋን፣ ጸጉርና ጥፍር የተሠሩበት ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ፈንገሱ ወደ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ላይ ላዩን እየበላ ወደ ጎን ይሰፋል። ደረቅ ሣር ላይ እንደተለኮሰ እሳት ነው፤ የሚነደው ዳሩ ነው፣ መሀሉን አልፎታል። ለዚህ ነው መሀሉ ጤነኛ ቆዳ መስሎ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ያለ፣ የሚፈረፈርና የሚያሳክክ ቀለበት የምታዩት።

በመጽሐፍ ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ የተነሱ ስለሆኑ ሰው «ቀይ ቀለበት» ይጠብቃል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቡናማ፣ ግራጫማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሆኖ ነው የሚታየው። መቅላቱን አትጠብቁ። ዳሩን በጣታችሁ ዳብሱት። ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ፣ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ስትፍቁት ነጭ ፍርፍር ካወጣ፣ ደግሞም ከሳምንት ሳምንት እየሰፋ ከሄደ ፈንገስ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ያስኬዳል። አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ፤ የቀለበቱን ዳር በእስክሪብቶ ከቡት። ከጥቂት ቀን በኋላ መስመሩን አልፎ ከተገኘ እየሰፋ ነው።

ከሰው ይጋባል። በፎጣ፣ በልብስና በማበጠሪያም ይጋባል። ከእንስሳም ይመጣል፤ ከድመት፣ ከውሻ፣ ከከብት። ቤት ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ተከታትለው ጭርት ካወጡና ድመት ካላችሁ፣ ድመቷንም አስመርምሯት። አንዳንዷ ምንም ሳይታይባት ተሸክማው ትዞራለች።

አሁን ወደ ክሬሟ።

አንዲት ደንበኛ ነበረች። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። የሳንቲም ያህል የነበረች ቀለበት ናት ያለችኝ፤ እኔ የማየው ግን ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የደረሰ ነገር ነው። ዳሩ የቱ እንደሆነ አይለይም። አንዱ ቀለበት ሌላው ውስጥ ገብቷል። እዚህም እዚያም መግል የቋጠሩ ትናንሽ ብጉሮች አሉ። ፍርፍሩ ጠፍቷል፣ ቆዳው እንደ መብረቅረቅ ብሏል፣ ሳስቶም ደም ሥሮቹ በግልጽ ይታያሉ።

«እህቴ፣ ምን ምን ቀባሽበት?»

ቲዩቧን ከቦርሳዋ አወጣች። ከመጫኗ ብዛት ጫፏ ተጠቅልሎ አልቋል። «ይቺን ብቻ ነው። በጣም ፍቱን ናት። በቀባሁ በማግስቱ ይተወኛል። ሳቆማት ነው የሚነሳብኝ።»

ጀርባዋ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው። ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲን፣ ክሎትሪማዞል። የመጨረሻው ብቻ ነው ፈንገስ የሚገድለው። ጄንታማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ፈንገሱን አያውቀውም። ቤታሜታዞን ደግሞ ስቴሮይድ ነው፤ ከበድ ካሉት ወገን የሚቆጠር። የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

ቆዳችሁን የሚያሳክካችሁና የሚያቀላው ፈንገሱ ራሱ ብቻ አይደለም። በአብዛኛው ሰውነታችሁ ፈንገሱን ሲዋጋ የሚፈጠር ብግነት ነው። ስቴሮይድ ያንን ውጊያ ያስቆመዋል። በማግስቱ ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ ቅላቱ ይደበዝዛል፣ ሰውየው «ዳንኩ» ይላል። ፈንገሱ ግን የሚያባርረው ጠፍቶለት በሰላም ይበላል። መቀባቱ ሲቆም ሰውነት ወደ ውጊያው ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚዋጋው ከበፊቱ ሰፍቶ ነው የሚጠብቀው። ሰውየው እንደገና ይቀባል። እንደገና ይሻለዋል። ይኸው ዙሪያ ጥምጥም ነው ወራት የሚበላው። ያ የታወቀው ቀለበትም ይጠፋና የቆዳ ሐኪም እንኳ በመጀመሪያ እይታ የሚቸገርበት ነገር ይሆናል።

«ግን ክሎትሪማዞል አለበት አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለበት። ብዙው ሰው ግን ማሳከኩ ስለቆመ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ይተወዋል፤ ክሎትሪማዞል በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራውን አይጨርስም። ሳያቋርጡ ለወራት ለሚቀቡት ደግሞ ስቴሮይዱ በጎን የሚያደርሰው አለ። ቆዳን ያሳሳል። ብሽሽትና ብብት ላይ እንደ እርግዝና ያለ መስመር ያወጣል፤ ያ መስመር አይጠፋም። ፊት ላይ ብጉር ያመጣል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ስቴሮይድን እየሰደብኩ አይደለም። ለችፌ፣ ለአለርጂ ሽፍታ፣ ለሶሪያሲስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኔም ሐኪም ሲያዝ በደስታ እሰጣለሁ። ሐኪም አንዳንዴ በጣም ለተቆጣ ፈንገስ ለጥቂት ቀን ቀለል ያለ ስቴሮይድ የሚጨምርበት ጊዜም አለ። የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «ለቆዳ ሁሉ» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው ክንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ሕንድና አካባቢዋ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ትሪኮፋይቶን ኢንዶቲኒኤ የሚባል የጭርት ፈንገስ ተስፋፍቷል። ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ በጣም ያሳክካል፣ ብዙውን ጊዜም ተርቢናፊን ለሚባለው የተለመደ የፈንገስ መድኃኒት አይበገርም። ለመስፋፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያሉ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ክሬሞች ያለ ልክ መቀባታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ላይ መገኘቱን ይፋ አድርጓል። አንደኛዋ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር አልሄደችም ነበር።

ስለዚህ ቲዩብ አንብቡ። የንግድ ስሙን ተዉት፤ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ነው የምላችሁ። መጨረሻው «ማዞል» ወይም «ናዞል» ከሆነ፣ ማለትም ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ኢኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል ከሆነ የፈንገስ ነው። ተርቢናፊንም የፈንገስ ነው። መጨረሻው «ዞን» ከሆነ፣ እንደ ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶልና ትሪያምሲኖሎንም እዚያው ናቸው፤ ክሎቤታሶል እንዲያውም ከሁሉም ኃይለኛው ወገን ነው። በ«ዳዞል» የሚያልቀው ሜትሮኒዳዞል እንዳያሳስታችሁ፤ የፈንገስ መድኃኒት አይደለም። ኒስታቲን ደግሞ ካንዲዳ ለሚባለው እርሾ እንጂ ለጭርት አይሠራም። ጭርት ላይ ኒስታቲን ቀብቶ «መድኃኒቱ ተላመደኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልተላመደውም፤ መጀመሪያውኑም አይተዋወቁም።

ትክክለኛውን ይዛችሁ ከሆነ አቀባቡ ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ስፋቱ ነው። ፈንገሱ የሚታየውን ዳር አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ቀለበቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዳሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብላችሁ ቀቡ። ታጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይበቃዋል። ሊጥ መለጠፍ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ክሎትሪማዞል በቀን 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 1 ሳምንት ጨምሩበት። ተርቢናፊን ክሬም ፈጠን ይላል፤ በቀን 1 ጊዜ፣ 1 ወይም 2 ሳምንት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከፈንገስ ክሬም የስቴሮይድን ፍጥነት አትጠብቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያው ያሳክካችኋል። ከስቴሮይድ ክሬም የምትለቁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሊቀላና ሊቆጣ ይችላል። ለዚያች ክንዷ ለተሸፈነው እህት ይህን ነበር ደጋግሜ የነገርኳት፤ ሊብስሽ ይችላል፣ ግን ወደሷ እንዳትመለሺ አልኳት። የያዛት ቦታ ሰፊ ስለነበር ለክሬም ብቻ አልተውኩትም፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ላክኋት፣ የሚዋጥም ታዘዘላት።

ከዳነ በኋላ የሚቀር ጥቁረት አለ። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ካልፈረፈረና ካላሳከከ ፈንገስ አይደለም፤ አሻራው ነው። በወራት ውስጥ በራሱ ይደበዝዛል። እሱን ለማጥፋት ብሎ ፈንገስ ክሬም ላይ ፈንገስ ክሬም መደረብ ድካም ነው። ማንጻት ብሎ ክሎቤታሶል መቀባት ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ወደ «ጓደኛው» ችግር ስንመጣ፣ ብሽሽት ላይ የሚወጣው ፈንገስ ብዙ ጊዜ ተነስቶ የመጣው ከእግር ነው። ሰውየው ግን እግሩን አይቆጥረውም። አራተኛውና ትንሿ የእግር ጣት መካከል ገልጣችሁ እዩ። ቆዳው ነጭ ሆኖ፣ ውሃ የጠጣ መስሎ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሽታ ካለው እዚያ ነው መነሻው። ሌላው መልኩ ደግሞ ጭራሽ ፈንገስ አይመስልም፤ መላ የውስጥ እግሩ ደርቆ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ባለቤቱም «የእግሬ ቆዳ ደረቅ ነው» ብሎ ዓመታት ይኖራል። ሁለቱም እግርና አንድ እጅ ብቻ እንዲህ ከደረቁ ይበልጥ ጠርጥሩ። ሁለት እግርና አንድ እጅ የፈንገስ የታወቀ ልማዱ ነው።

የውስጥ ሱሪ ስትለብሱ እግራችሁን በሱሪው ታሳልፋላችሁ። ፈንገሱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እግራችሁ ላይ ፈንገስ ካለ መጀመሪያ ካልሲ፣ ቀጥሎ የውስጥ ሱሪ። ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ግን ይሠራል። ሁለቱንም ቦታ አንድ ላይ አክሙ፤ አንዱን ትታችሁ አንዱን ብታክሙ ተመልሶ ይመጣል። የእግር ፎጣና የሰውነት ፎጣ ይለያዩ። በጣቶቻችሁ መሀል ሳታደርቁ ካልሲ አታጥልቁ። ያንኑ ጫማ ቀን በቀን አታድርጉ፤ ውስጡ ይድረቅ።

ብሽሽት ላይ መለያ የሚሆን ነገር አለ። የጭርቱ ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የቆለጥን ቆዳ ይተወዋል። እሱም ከቀላና ከዋናው መቅላት ራቅ ብለው ትንንሽ ነጠብጣቦች ከተበተኑ ካንዲዳ ሊሆን ይችላል። ካንዲዳ ጡት ሥር፣ የሆድ እጥፋት ውስጥ፣ የሕፃናት ዳይፐር ሥርም ይወጣል። ለሱ ክሎትሪማዞልም ኒስታቲንም ይሠራሉ። ደጋግሞ የሚመጣበት ሰው ግን ስኳሩን ይለካ። «ክሬም ልግዛ» ብሎ መጥቶ ስኳር እንዳለበት ያወቀ ሰው አውቃለሁ።

ስኳር ያለባችሁ ሰዎች የእግር ጣት መሀል ስንጥቅን አትናቁ። ፈንገሱ ራሱ ትንሽ ነገር ነው፤ በስንጥቁ ገብቶ እግርን የሚያሳብጠው ባክቴሪያ ግን ሆስፒታል ያስተኛል። እግር ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ የፋርማሲ ጉዳይ አይደለም። በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቋቁቻ ሌላ ነገር ነው። ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ ከማንኛችንም ቆዳ ላይ አይጠፋም፤ ሙቀት፣ ላብና ወዝ ሲያገኝ ይበዛል። ደረት፣ ትከሻ፣ ጀርባና አንገት ላይ ነጣ ያሉ ወይም ጠቆር ያሉ ክብ ክቦች ይወጣሉ፣ ተገጣጥመውም ካርታ ይሠራሉ። ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር ስታደርጉት ስስ ፍርፍር ይነሳል። ለምጽ እንዲህ አይፈረፈርም፤ ንጣቱም ጥርት ያለ ነው። ቋቁቻ አይጋባም፣ ስለዚህ ሰው ፎጣውን ከቤተሰብ አይደብቅ። ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ወይም ሴሌኒየም ሳልፋይድ 2.5% ከአንገት እስከ ወገብ ተቀብቶ፣ 5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፤ ለተከታታይ ጥቂት ቀናት። ፈንገሱ ቶሎ ይሞታል፣ ቀለሙ ግን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። «አልሠራልኝም» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የዳኑ ናቸው። ስፍቀው ፍርፍር የለውም፤ በቃ፣ የቀረው ትዕግሥት ነው። ደጋግሞ ለሚመጣበት በወር አንዴ በሻምፖው መታጠብ ይረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለቋቁቻ የኬቶኮናዞል ክኒን ስጡኝ የሚል አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ክኒኑ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል፣ የአሜሪካው ደግሞ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቋል፤ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል። ሻምፖውና ክሬሙ ይህ ችግር የለባቸውም። የተርቢናፊን ክኒን ደግሞ ለቋቁቻ አይሠራም።

ስለ ልጆች ራስ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝነኛል። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ኮፍያውን አላወልቅም ብሎ ባንኮኒውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። በስንት ልመና አወለቀ። ከጆሮው በላይ ክብ መላጣ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው መላጣ አይደለም፤ ጸጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል፣ ዙሪያውን አመድማ ፍርፍር አለ። የማጅራቱ ንፍፊት አብጧል።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን ክሬም ጥዋት ማታ እቀባዋለሁ፣ ምንም አልለቀው አለ» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ አላጠፉም። ክሬሙ ነው የማይደርሰው።»

ቆረቆር ላይ ፈንገሱ ያለው ጸጉሩ ውስጥና የጸጉሩ ሥር ውስጥ ነው። ክሬም እዚያ አይገባም። የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ መጠኑም በልጁ ክብደት ስለሚሰላ ሐኪም ማየት አለበት። ግሪሲዮፉልቪን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ይህን ሳይነገራቸው በባዶ ሆድ የሚሰጡ ወላጆች አሉ። ተርቢናፊን አጠር ይላል፣ 4 ሳምንት አካባቢ፤ የትኛው ይሻላል የሚለው በፈንገሱ ዓይነት ይወሰናል፣ ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ለግሪሲዮፉልቪን ይቀላል። (ግሪሲዮፉልቪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1939 ከሻጋታ የተገኘ ነው፤ ሰው ላይ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ፈንገስን በፈንገስ ማለት ነው፣ ሁሌ ያስቀኛል።) ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም።

ሻምፖ ብቻውን ቆረቆርን አያድንም፤ ግን ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሳልፋይድ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከታጠበበት ወደ ሌላው ልጅ የሚበተነውን ይቀንሳል። የወንድምና የእህቶቹም ራስ ይታይ። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ የጸጉር መቁረጫ ማሽን አይጋሩ። መድኃኒቱን ከጀመረ ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም፤ ራሱን መላጨትም ግድ አይደለም። ልጁ ኮፍያ ሥር የተደበቀው ለዚህ ነበር፣ ይላጩኛል ብሎ ፈርቶ።

አንዳንዴ ቆረቆሩ ይቆጣና ለስላሳ፣ የሚያም፣ መግል የሚያዥ እብጠት ይሆናል። እባጭ ይመስላል። እንዳታፈርጡት፣ እንዳታስቀድዱትም። ያ የሰውነት ቁጣ ነው፤ ሕክምናው ያው የሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ከዘገየ ግን ጸጉር ዳግም የማያበቅል ጠባሳ ሊተው ይችላል።

የጥፍር ፈንገስ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥፍር ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ከሥሩ እየተፈረፈረ ከሄደ ክሬም አያልፍበትም። ተርቢናፊን ክኒን ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ይወሰዳል፤ አዲሱ ጥፍር ሙሉ ለሙሉ እስኪወጣ ግን ለእግር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍሩ ይመርመር፤ የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፣ ጫማ ሲገፋውም ሶሪያሲስም እንዲያ ያደርጉታል። ጉበት ያመመው፣ ልብ ድካም ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከሚዋጡት የፈንገስ መድኃኒቶች የትኛውንም ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር።

ክብ ሆኖ ፈንገስ ያልሆነም አለ። ችፌ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይወጣል፤ መሀሉ ግን አይጸዳም፣ ያዣል። ሶሪያሲስ ክርንና ጉልበት ላይ ወፍራም ብርማ ቅርፊት ይሠራል። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሞላላ፣ ቀጥሎ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረትና ጀርባ ላይ ብዙ ትንንሽ የሚወጣበት ሽፍታ አለ፤ ፒቲሪያሲስ ሮዚያ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 እስከ 8 ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙልኝ። ነጣ ያለ ወይም የቀላ ምልክት ኖሮ፣ በጥጥ ጫፍ ስትነኩት ካልተሰማችሁ፣ የማያሳክክና የደነዘዘ ከሆነ ክሬም አትግዙ። ሥጋ ደዌ በዚህ መልክ ይጀምራል፤ ቶሎ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ ነርቭ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ይቀንሳል። ጭርት ያሳክካል እንጂ አያደነዝዝም።

ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ ማሰር፣ ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ፣ በረኪና... እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ። ሽንኩርቱ ያቃጥላል፣ በእውነተኛው ትርጉሙ፤ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ይሆናል። ሎሚ ከፀሐይ ጋር ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል። ከዚያ በኋላ ፈንገሱንም ቃጠሎውንም ማከም ነው።

በትክክለኛው ክሬም 2 ሳምንት ቀብታችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ፊት ወይም ራስ ላይ ከሆነ፣ ሰፊ ቦታ ከያዘ፣ ነፍሰ ጡር ወይም በሽታ የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆናችሁ የቆዳ ሐኪም ይያችሁ። ምርመራው አያምም። ከዳሩ ትንሽ ፍርፍር በምላጭ ጀርባ ይፋቃል፣ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይደረግበታል፣ ጠብታው የቆዳውን ሕዋስ ያሟሟና የፈንገሱ ክሮች በማይክሮስኮፕ ጥርት ብለው ይታያሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ በዚያው ቀን ይደርሳል። ፈንገስ ክሬም ስትቀቡ ከሰነበታችሁ ግን ውጤቱ «የለም» ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለመመርመር ካሰባችሁ መቀባቱን ቀደም ብላችሁ አቁሙ፣ የቀባችሁትንም ለሐኪሙ ንገሩት። ስሟን ካላስታወሳችሁ ባዶዋን ቲዩብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፏ ተጠቅልሎ ያለቀ ቢሆን እንኳ ጀርባዋ ይነበባል።